የሰውዬው የእጅ አንጓ

ባለቤቴ ሰውዬውን ሲገፋው አላየሁም። ሱቅ ውስጥ ሥጋ ለማስቆረጥ ተራ ይዤ ነበር። እዚህ ኮሎራዶ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ይጨናነቃል፤ ፓርኪንጉም ጠባብ ነው። ተራዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከውጭ የሁለት ወንዶች ጩኸት ተሰማ። በአማርኛ ስለነበር ሰልፉ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። አንደኛው ድምፅ የባለቤቴ ነው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ወደ አገር ቤት ደውሎ መስመሩ አልሰማ ሲለው ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ስልክ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ስወጣ ሰውዬው አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። ስልሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ቀኝ እጁን በግራ እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ባለቤቴ አጠገቡ ቆሞ ሁለት እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የጠቡ መነሻ የመኪና በር ነው። ሰውዬው በሩን ሲከፍት የእኛን መኪና ነካው። ባለቤቴ "ኧረ ቀስ!" አለ። ሰውዬው መለሰለት፣ ባለቤቴም መለሰ፣ ከዚያ የእናት ስም ተነሣ። በዚህን ጊዜ ባለቤቴ በሁለት እጁ ደረቱን ገፋው። ሰውዬው ወደ ኋላ ሲሄድ ጎማ የሚያቆመው ኮንክሪት ጠለፈውና በእጁ ላይ ወደቀ። ይኸው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ጫማውን አስሮ የሚጨርስበትን ያህል ጊዜ አልወሰደም።

ከጎን ካለው ፀጉር ቤት የወጣች አንዲት ፈረንጅ ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታወራ አየኋት። ፖሊስ እየጠራች ነበር።

"መኪና ውስጥ ግባና እንሂድ" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ሰው መሬት ላይ ጥዬ የት ነው የምሄደው?" አለኝ።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ያልጠየቁትን ጭምር ነገራቸው። "አዎ፣ ገፍቼዋለሁ። ተናድጄ ነው" አላቸው። ኋላ የተመደበችለት ጠበቃ ይህንን ከፖሊሶቹ ካሜራ ላይ ስታይ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ቆየች። ያን ቀን ግን እውነት መናገሩ የጠቀመን መሰለኝ። ሰውዬውን አምቡላንስ ወሰደው። ለባለቤቴ የትራፊክ ቅጣት የሚመስል፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት ወረቀት ቆርጠው ሰጡትና "መሄድ ትችላለህ" አሉት። ራሱ እየነዳ ቤቱ ገባ። ሥጋውን ግን ሳንገዛ ነው የተመለስነው።

ማታ ልጃችን ከኮሌጅ ስትመጣ ወረቀቱን ሰጠኋት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እንዲህ ያለውን ወረቀት ሁሉ የምታነብልን እሷ ናት።

"ማሚ፣ ሚስዲሚነር ነው። ፌሎኒ አይደለም። ኢትስ ኦኬይ" አለችኝ።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"አንዱ፣ ላይክ፣ ትንሽ ክራይም ነው። ሌላኛው ላይፍሽን ያበላሸዋል።"

በማግስቱ የሱቁ ባለቤት ደውሎ ሰውዬው ያኔውኑ ከሆስፒታል መውጣቱን ነገረኝ። ራጅ ተነሥቶ ምንም አልታየም፣ ወለምታ ነው ብለው ጠቅልለው ሸኙት አለኝ። የዚያን ዕለት ደህና ተኛሁ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የካውንቲው፣ እንደኛ የወረዳው፣ ፍርድ ቤት ነበር። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መንጃ ፍቃዱ ታግዶ መኪና የነዳ፣ ሱቅ ውስጥ ሸሚዝ የደበቀ፣ ከጎረቤቱ የተደባደበ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው። ዳኛዋ ስም ትጠራለች፣ የተጠራው ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይባባላሉ፣ ቀጣዩ ይጠራል። እንደ ክሊኒክ ተራ ነው። ለባለቤቴ የተመደበችለት ጠበቃ ቀጭን፣ ቦርሳዋን እንደ ተማሪ ጀርባዋ ላይ የምታዝል ሴት ናት። ኮሪደር ላይ ለውዝ እየቆረጠመች አነጋገረችን። "ከዚህ በፊት ምንም ነገር የለበትም፣ ጉዳቱም ቀላል ነው። የቁጣ መቆጣጠሪያ ትምህርት ይወስዳል፣ ያልቃል" አለችን። ዳኛዋ ከመሸኘቷ በፊት አንድ ትእዛዝ አነበበችለት። ሰውዬውን እንዳይጎዳ፣ እንዳያስፈራራ፣ እንዳያገኘው። "ገብቶሃል?" አለችው። "ገብቶኛል" አላት። እኛ የገባን ግን እንዳትመታው ማለቷ ነው።

ስልኩ የተደወለው እንደተረጋጋን ነው። የምሠራው ግሌንዴል አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንዲት አሮጊት አጥቤ እጇን ሎሽን እየቀባሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጠበቃዋ ናት። ባለቤቴ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ስለሚነዳ በሥራ ሰዓት ስልክ አያነሣም።

"አጥንቱ ተሰብሯል" አለችኝ።

"የማን አጥንት?"

"የሰውዬው።"

የእጁ ሕመም አልተወው ሲል እንደገና ሄዶ ራጅ ተነሣ። የእጅ አንጓ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለች ትንሽ አጥንት አለች። መጀመሪያ ስትሰነጠቅ በራጅ ላይታይ ይችላል፣ ሲቆይ ነው የሚወጣው አለችኝ። በኮሎራዶ ሕግ የአጥንት ስብራት ከባድ የአካል ጉዳት ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሕክምና ማስረጃውን እንዳየ ክሱን ለውጦታል። "ፌሎኒ ሆኗል። የእስር ማዘዣ ወጥቶበታል። መጥተው ሥራ ቦታው ከሚይዙት ራሱ ሄዶ እጁን ይስጥ" አለችኝ።

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። የእጇን አንጓ ያዝኩት። ከቆዳው ሥር አጥንቱ ይንቀሳቀሳል። ቀጭን ነው፣ እንደ ወፍ። ባለቤቴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማንንም አልነካም። ግፊያው ያው ግፊያ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለወጠው በማላውቀው ሰው እጅ ውስጥ ያለ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ያልታየ አንድ ስንጥቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የሰው አንጓ ሳላይ ማለፍ አቃተኝ። መጦሪያው ውስጥ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ፣ ቤተ ክርስቲያን መስቀል የያዘው የቄሱ እጅ ላይ ሳይቀር ዓይኔ እዚያው ነው።

እጁን ሊሰጥ በሄደበት ጠዋት ቀበቶውን፣ ሰዓቱንና የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። "እዚያ ከሚያወልቁኝ ብዬ ነው" አለ። አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ችሎት ላይ ያየሁት በቴሌቪዥን መስኮት ነው፤ የእስረኛ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ሳይበጠር፣ ካሜራው የት እንዳለ ስላላወቀ ወደ ጎን እያየ። የመጀመሪያው ችሎት ገበያ ቢመስል ይኸኛው ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰው ጥቂት ነው፣ ማንም አይቸኩልም፣ ዳኛው እያንዳንዱን ቃል ረግጦ ያነባል። ያ ጸጥታ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። ለትንሽ ነገር ማንም እንዲህ ጊዜ አይሰጥም።

ታሪኩ ንጹሕ ስለሆነ በፊርማው ለቀቁት። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ "ከሳሹ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ሰውዬው ነዋ።"

"አይደለም። 'የኮሎራዶ ሕዝብ' ነው የሚለው ወረቀቱ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። በየቀኑ ሻንጣቸውን የማነሣላቸው።"

መሥሪያ ቤቱ ክሱ እስኪጣራ እንዳይመጣ ነገረው። እቤት ዋለ። እኔ ስወጣ ሶፋው ላይ እተወዋለሁ፣ ስገባ እዚያው አገኘዋለሁ። በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ቀጥ እንላለን። የጎረቤት ዕቃ በስሕተት ያመጣ ልጅ ሳይቀር ፖሊስ ይመስለናል። እኔና ልጄ ዜግነት ወስደናል፤ እሱ ግን ፈተናውን ነገ ዛሬ ሲል ግሪን ካርድ ላይ ነው ያለው። ከአገር ያስወጡት ይሆን? ሁላችንም እናስበዋለን፤ ማናችንም አፍ አውጥተን አንናገረውም።

በዚህ መሀል ነው አጎቴ የደወሉልኝ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው ዴንቨር የገቡት እኛ ሳንታሰብ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ሰውዬውን ጠየቃችሁት?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ነገሩ እኮ ፍርድ ቤት ነው ያለው።"

"ፍርድ ቤቱ ሌላ፣ ይኸ ሌላ። ሰው ሰብሮ፣ እንዴት አደርክ እንኳ ሳይሉ ዝም ይባላል? ነውር አይደለም እንዴ? ቤቱን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ሦስት ሆነን እንሄዳለን።"

ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ወደ ሳንባዬ የገባ መሰለኝ። የምናውቀው መንገድ ይኸ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እፍረቱ እንደሚበዛበት አውቃለሁ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዴንቨር መሀል ከተማ ጠበቃዋ ቢሮ ቀጠሮ ነበረን። ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ፋይል አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጡ አለችን። ያን ዕለት ለውዝ አልነበረም። ባለቤቴን እያየች ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችን። በቀላሉ ክስ የሚፈርዱት፣ ከሕዝብ የሚመረጡት ጁሪዎች ስድስት ናቸው፤ በከባዱ አሥራ ሁለት። በቀላሉ የሚታሰረው ካውንቲው ጄል ነው፤ በከባዱ ፕሪዝን ነው፣ ሩቅ ሊወስዱት ይችላሉ። እኛ ሁለቱንም እስር ቤት ነው የምንለው፤ እሷ ግን ስሙን ስትለዋውጥ ፊቷም ይለዋወጣል። ከሁሉ የከበደው ግን የመጨረሻው ነው።

"በቀላሉ ወንጀል ዳኛ ሊፈርድ የሚችለው ትልቁ እስራት ከአንድ ዓመት አንድ ቀን ይጎድላል" አለችው። "አንተ ዜጋ አይደለህም፤ ከአገር የሚያስወጣው ሕግ የሚቆጥረው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው። ያቺ የጎደለች ቀን እዚህ አገር ልታቆይህ ትችላለች። በከባዱ ከተፈረደብህ ግን ያቺ ቀን የለችም።"

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ።

"ስለዚህ ሥራዬ ወደ ቀላሉ መልሼ ማውረድ ነው። ዐቃቤ ሕጉን እለምነዋለሁ፣ እከራከረዋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር እንዳይበላሽብኝ። ሰውዬውን ማንም እንዳያገኘው። አንተም፣ ዘመድም፣ ጓደኛም፣ ቄስም ቢሆን።"

"ሽማግሌ ቢልክስ?" አልኳት።

"ሽማግሌ ምንድን ነው?"

በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። የተከበሩ ትልልቅ ሰዎች ሄደው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁበት ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይኸ ያሰብሽው ነገር ነው ወይስ ያደረግሽው?"

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። "ዛሬ ከሰዓት ነው" አልኩ።

ተነሥታ በሩን ዘጋችው። "በምስክር ላይ ጫና ማድረግ ራሱን የቻለ ፌሎኒ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሚያየው ሦስት ሰዎች ከተከሳሹ ወገን ተልከው ተጎጂው ቤት መግባታቸውን ነው። እርቅ የሚባል ቃል እሱ ዘንድ የለም። አሁኑኑ ደውይ።"

ደወልኩ። አይነሣም። አጎቴ ሰው ቤት ሲገቡ ስልካቸውን መኪና ውስጥ ነው የሚተዉት፤ ሰው ፊት ስልክ ማየት ድፍረት ነው ይላሉ። ደጋግሜ ደወልኩ። ጠበቃዋ መኪናውን ይዤ እንድሄድ፣ ባለቤቴ ግን በዚያ ሰፈር እንዳያልፍ ነገረችን። "መንገድ ላይ ካገኘሻቸው መልሻቸው። ሰውዬውን ግን እንዳታናግሪው። ቤቱም እንዳትገቢ።" ባለቤቴን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

የኮልፋክስ ጎዳና ያን ቀን አላልቅ አለኝ። መብራቱ ሁሉ እኔን ጠብቆ የሚቀላ ይመስላል። ፊቴ ያለው አውቶቡስ በየፌርማታው ይቆማል፣ ዊልቸር ያወርዳል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይቆማል። ጥሩምባ ነፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ነፋሁ። ኦሪጅናል ኦሮራ የሚሉት የድሮው ሰፈር ስደርስ አጎቴ የነገሩኝን ሕንፃ አገኘሁት፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ደረጃው በውጭ በኩል ያለ የቀይ ጡብ ቤት ነው። የአጎቴ መኪና ፊት ለፊቱ ቆሟል። ባዶ ነው።

ገብተዋል።

መንገዱን ተሻግሬ ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ላይ ካሉት በሮች የቱ እንደሆነ አላውቅም። በየትኛው በር ጀርባ ምን እየተባለ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቃል፣ ለምሳሌ "እባክህ ክሱን ተውለት" ቢሉት፣ አጎቴ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ወንጀለኛ ናቸው። ሮጬ በሮቹን ሁሉ ላንኳኳ እነሣለሁ፣ እጄ የመኪናውን በር ይይዛል፣ መልሼ እተወዋለሁ። እኔ ብገባ ይብሳል። መስኮቱ በትንፋሼ ጭጋግ ሞላ፤ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይሞላል።

በመጨረሻ አንዱ በር ተከፈተ። አጎቴ ወጡ፣ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ተከተሉ፣ ከኋላ ሰውዬው ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በጀሶ ታሽጓል። ደረጃውን አብሯቸው ወረደ፤ እንደ ሰው ወግ እስከ መኪናቸው ሊሸኛቸው ነው። ቆመው ተሰነባበቱ። ቀና ሲል አየኝ። ከዚያ ቅዳሜ ያውቀኛል። ትንሽ አመነታና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ጀሶ ያለበትን እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ "ይኸው ደህና ነኝ" የሚል ይመስላል።

በሕይወቴ ሰላም ያለኝን ትልቅ ሰው ፊት ነሥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን መሪው ላይ አቀርቅሬ የኪሎ ሜትሩን መቁጠሪያ አየሁ። ቀና ስል ሰውዬው ደረጃውን እየወጣ ነው።

አጎቴን ተከትዬ ሄጄ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ አስቆምኳቸው። ከመኪናቸው ወርደው እየሳቁ መጡ።

"ጋሼ፣ ምን አላችሁት?"

"ምን እንለዋለን? እግዜር ይማርህ አልነው። ሙዝና ጁስ ይዘን ነው የሄድነው።"

"ስለ ፍርድ ቤቱ አንሥታችኋል? አትመስክር፣ ቃልህን ለውጥ ብላችሁታል?"

ሳቃቸው ጠፋ። "እኛ ሰው ልናስዋሽ ነው እንዴ የሄድነው?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ጠይቂ ተብዬ ነው።"

"አላልነውም። እሱ ራሱ ነው ያነሣው። 'እናቱን የሰደብኩት እኔ ነኝ፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ' አለን። ክሱን ልተው ብሎም ለዐቃቤ ሕጎቹ ደውሎ ነበር። ክሱ የመንግሥት እንጂ ያንተ አይደለም አሉት።" ከዚያ ፊቴን አዩት። "ምነው? ምን ተፈጠረ?"

ጠበቃዋ ያለችውን ነገርኳቸው። ቆመው የሰሙኝ አጎቴ ቀስ ብለው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በሩን አልዘጉትም።

"ሙዝ ይዞ መሄድ ወንጀል ነው?" አሉኝ።

"ሊሆን ይችላል ነው ያለችው።"

"እኔንም ሊይዙኝ ይችላሉ ማለት ነው?"

የሱዳንን በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ቁልፉን ለማስገባት ሲሞክሩ ቀዳዳውን ይስቱት ነበር።

ለጠበቃዋ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር የተባለውን ደገምኩላት፤ ሰላምታውንም ጭምር። አጎቴ ከማንም ጋር ስለዚህ ነገር እንዳያወሩ፣ ሰውዬውንም ከእንግዲህ የሷ መርማሪ ብቻ እንደሚያነጋግረው ነገረችኝ። የፈራችው ግን ቀድሞ ደርሷል። ሰውዬው፣ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተጎጂዎችን የምትከታተል ሴት ስትደውልለት፣ በደስታ ነገራት። ሽማግሌዎች መጥተው ጠየቁኝ፣ ልቤ ቀለለኝ አላት። እሷም መዘገበችው።

በዚያ ክረምት በረዶ መቼ እንደወረደ እንኳ አላስታውስም። አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከኋላ ቆመው ሳይሰነባበቱ መሄድ ጀመሩ። የማያውቁት ቁጥር ከደወለላቸው ስልኩን ትራስ ሥር ይከቱታል። ባለቤቴ ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል አልተናገረኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳህን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "እኔም ብትነግሪኝ ይሂዱ ነበር የምለው" አለኝ። ለዚያ ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃዋና ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ኮሪደር ጥግ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ አወሩ። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከንፈራቸውን እናያለን። እሷ እጇን ታወራጫለች፤ እሱ ጫማውን ያያል። ስትመለስ አጠገባችን ቁጢጥ አለች።

"በሽማግሌዎቹ አይከስም" አለችን። "ሰውዬውን ጠርተው ጠይቀውታል። 'የታመመ መጠየቅ ወንጀል ከሆነ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እኔንም ክሰሱኝ' አላቸው።"

እዚያው አግዳሚው ላይ ለአጎቴ ደወልኩ። አነሡ፤ ነገርኳቸው። "ተመስገን" አሉና ወዲያው ዘጉት።

ሁለተኛው ወሬ የሚያስመርጥ ነበር። ባለቤቴ በቀላሉ ወንጀል ጥፋተኛ ነኝ ካለ ከባዱን ያነሡለታል። አይታሰርም፤ በአመክሮ ሆኖ ትምህርቱን ይወስዳል፣ ሰውዬውን እንዳያገኝ የተሰጠው ትእዛዝም ይቀጥላል። እምቢ ካለ አሥራ ሁለቱ ፊት ይቆማል።

"እቆማለሁ" አለ ባለቤቴ። "አጥንቱን ልሰብረው ብዬ አልገፋሁትም። እውነቱን እነግራቸዋለሁ።"

"እውነቱን አንዴ ነግረሃቸዋል፤ ካሜራው ላይ ነው" አለችው። "ተናድጄ ገፋሁት ብለሃል። አጥንቱ ተሰብሯል። እከራከርልሃለሁ፣ ላሸንፍም እችላለሁ። ከተሸነፍን ግን ወደዚህ ኮሪደር የሚመልሰን የለም።"

ማታ እራት ቀርቦ ማንም አልነካውም። ልጃችን ቁጭ ብላ ታየዋለች። "ዳዲ፣ ፕሊስ። ቴክ ኢት" አለችው፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ "እኔ አንተን ስክሪን ላይ... እንደገና ማየት አልችልም" አለች። ተነሥቶ በረንዳ ወጣ። ጃኬት አልለበሰም። ተመልሶ ሲገባ ጆሮው ቀልቷል። "እሺ በሏት" አለ።

ጥፋተኛ ነኝ ያለበት ቀን አስተርጓሚ አቁመውለት ነበር። ዳኛው ብዙ ጠየቀው። ማንም አስገድዶሃል? መብትህን መተውህ ገብቶሃል? አሥራ ሁለት ሰው ፊት መቆም እንደምትችል ታውቃለህ? ለእያንዳንዱ አስተርጓሚውን ጠብቆ መለሰ። ጥፋተኛ ነኝ የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ግን አስተርጓሚው ሳይደርስለት በእንግሊዝኛ ራሱ ተናገራት፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለነበር ዳኛው ድገመው አለው።

ከዚያ ተጎጂው የሚለው ካለ ተጠየቀ። ሰውዬው ከኋላ ወንበር ተነሣ። ጀሶው ወልቋል። "እጄ ድኗል" አለ በአማርኛ። "እሱም ሥራው ይመለስ። ሌላ የምለው የለኝም።" አስተርጓሚው ይህንን ሲያስተላልፍ ዳኛው ቀና ብሎ ሁለቱን ሰዎች በየተራ አያቸው። ባለቤቴ ዞሮ ሊያመሰግነው ሲል ጠበቃዋ ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

ወደ ኤርፖርቱ ሥራ አልተመለሰም፤ ቀላሉም ወንጀል ቢሆን ወንጀል ነው አሉት። አሁን ለመድኃኒት ቤት መድኃኒት ያደርሳል። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱን ይሄዳል። የዜግነቱን ፈተና ለአሁኑ ይቆይ ብለውታል። በር ሲንኳኳ አሁንም ደንገጥ እንላለን፣ ግን ሄደን እንከፍታለን።

አጎቴ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሽምግልናቸው ተመልሰዋል። ባለፈው እኔ ቤት ሳሉ አንድ ሰው ደወለላቸው፤ ሁለት ወንድማማቾች ተደባድበው እንዲመጡለት ፈልጎ ነው። አጎቴ ብድግ ብለው ስልኩን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ይኼን ንገረኝ፤ ፖሊስ መጥቷል ወይስ አልመጣም?" አሉት። የመለሰላቸውን አልሰማሁም። ኮታቸውን ግን ሳያነሡ ተመልሰው ተቀመጡ።